የሎቪና ቲግ ውሃ

በእኛ ሜዳ ላይ «ደከመኝ» የሚል ሰው አይወደድም። ታመምኩ ማለት ይቻላል። ሰው ሞተብኝ፣ አንበጣ በላኝ፣ በረዶ አዝመራዬን መታብኝ ማለትም ይቻላል፤ ጎረቤት ኮፍያውን አውልቆ ያዳምጣል። ደከመኝ ያለ ግን ሰሚ የለውም። «ማን ያልደከመው አለ?» ይባልና ወሬው እዚያው ይቀራል። ሎቪና ቲግ ያደገችው በዚህ ሕግ ነው። ከስምንት ዓመቷ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቷ ከወንዝ ውሃ ስታመላልስ ያቺ ቃል ከአፏ ስትወጣ የሰማ የለም። አፏ ዝም ቢልም ጀርባዋ ይናገር ነበር፤ ጀርባ የሚሰማ ሰው ግን በነብራስካ አልተፈጠረም።

መሬቱ ጥሩ ነው፣ ማማት አይገባም። ሣሩን ገልብጦ በቆሎ ጣል ያደረገበት ሰው አያፍርም። ችግሩ ውሃው ነው። ዝናብ ሲያሰኘው ይመጣል፤ ሲያሰኘው ይቀራል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ደግሞ ሰው በአካፋ ሊደርስበት እስኪሰለች ድረስ ጠልቆ ተቀምጧል። ጉድጓድ የቆፈረ ከጉድጓዱ ይቀዳል፤ ጉድጓድ የሌለው በጋሪ ወንዝ ይወርዳል። ስትራውዶች ጉድጓድ አልነበራቸውም። ሎቪና ነበረቻቸው።

እንዴት እጃቸው እንደገባች ለማወቅ ወደ አባቷ መመለስ ያስፈልጋል። ሩፎስ ቲግ ሚስቱንና አንዲት ልጁን ይዞ ከኦሃዮ የመጣ፣ ሳቅ የሚቀናው፣ ትዕግሥት የሚያጥረው ሰው ነበር። ሥር የያዘውን የሣር አፈር እንደ ጡብ እየቆረጠ ቤት ሠራ። በመጀመሪያው ክረምት ሚስቱ በትኩሳት ሞተች። በረዶው ሲቀልጥ ሩፎስ ቤቱ አጠገብ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። መሬቱ ከእሱ መሬት የሚዋሰነው ሃይረም ስትራውድ በወንፈል ያግዘው ነበር፦ መጀመሪያ የሩፎስ ጉድጓድ፣ ቀጥሎ የሃይረም። ሩፎስ ከታች ይቆፍራል፤ ሃይረም ከላይ ሆኖ ገመዱ የሚጠመጠምበትን ግንድ በእጀታው እያዞረ አፈሩን በባልዲ ያወጣል። ሎቪናም ሥራ ነበራት። የሻማው ኃላፊ እሷ ነበረች።

ጉድጓድ የሚቆፍር ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ጠዋት ሰው ከመውረዱ በፊት የተለኮሰ ሻማ በቆርቆሮ ተደርጎ በሲባጎ ይወርዳል። ሻማው ታች ድረስ እየበራ ከሄደ ሰው ይወርዳል። ከጠፋ ክፉ አየር ተኝቷል ማለት ነውና ማንም አይወርድም። ይህን ሕግ የማያከብር ቆፋሪ የለም። ግን ነፋሳችንን አትርሱ። የእኛ ነፋስ ከሰው ራስ ላይ ኮፍያ ይወስዳል፤ ከገመድ ላይ አንሶላ ይወስዳል፤ ዶሮ አንስቶ ጎረቤት ግቢ ያሳርፋል። በዚህ አገር የጠፋ ሻማ ያየ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚረግመው ነፋስን ነው።

በዚያ ጠዋት ሻማው ጠፋ። ሩፎስ ስቦ አወጣውና በመዳፉ ከልሎ ለኮሰው። ሎቪና ሲባጎውን እየለቀቀች አወረደችው። ታች፣ በጣም ታች ሲደርስ እንደገና ጠፋ። ብርሃኑ ሲሄድ አይታዋለች፤ አልተወዛወዘም፣ አልተንቦገቦገም፣ ዝም ብሎ አነሰና ጠፋ።

«አባዬ፣ ነፋስ እዚያ ድረስ ይወርዳል?» አለች።

«የነብራስካ ነፋስ?» አለ ሃይረም እጀታውን እንደያዘ። «የነብራስካ ነፋስ ሲኦልም ይወርዳል! ና ሩፎስ፣ ቀኑ ሄደብን።»

ሩፎስ ሳቀ። እግሩን በገመዱ ቀለበት አስገብቶ፣ ልጁን አገጯን ነካ አድርጎ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ገመዱ ላላ። ሃይረም ተጣራ። ሎቪናም ተጣራች። ከታች የመለሰ አልነበረም። ሰዎች ተሰብስበው በመንጠቆ ሲያወጡት ፊቱ ላይ ጭረት እንኳን አልነበረም፤ በሚስቱ ጎን ቀበሩትና የጉድጓዱን አፍ በሳንቃ ዘጉት። ያን ቀን ማታ ሃይረም ስትራውድ ልጅቷን ቤቱ ይዞ ገባ። ስለ ሻማው አንድ ቃል አልተናገረም። ለራሱም ጉድጓድ ሳይቆፍር ቀረ፤ ሲጠይቁት «ወንዝ አለልን» ይላል።

ሚስቱ ዴልፊያ ሕፃን በክንዷ ታቅፋ፣ ሌላው ቀሚሷን ይዞ ሎቪናን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«የት ነው የምትተኛው?» አለች።

ጭካኔ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። ዴልፊያ ክፉ ሴት አይደለችም። ክፋትም ጉልበት ይፈልጋል፤ ዴልፊያ ደግሞ ጉልበቷን ለልጆቿና ለቅቤ መናጫው አከፋፍላ ጨርሳ ነበር። ሎቪና ምድጃው ኋላ ተነጠፈላት። በማግስቱ ሁለት በርሜልና ጋሪው ተሰጣት።

ጋሪውን የሚጎትተው አንድ ዓይና በቅሎ ነበር። ሲሄድ ራሱን ዝቅ ከፍ እያደረገ የሚጸልይ ስለሚመስል «ዲያቆን» ይሉት ነበር፤ ከስሙ በቀር አንድም የቅድስና ምልክት አልታየበትም። ወደ ወንዙ ባዶ በርሜል ይዞ መውረድ ቀላል ነው። ሥራው መመለሱ ነው። መንገዱ ጎድጓዳ ነው፤ አይጥና ፍልፈል የቆፈሩት ቀዳዳ ሞልቶታል፤ ጎማው አንዱ ውስጥ በገባ ቁጥር በርሜሉ ይናወጥና ውሃው እየዘለለ ይወጣል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ ሎቪና ይህን በተረት ሳይሆን በቀሚሷ ነው የተማረችው። በበጋ ዝንብ እየበላት፣ በክረምት የወንዙን በረዶ በመጥረቢያ እየሰበረች፣ የራሰ ቀሚሷ እንደ ሳንቃ ደርቆ ጉልበቷን እየፋቃት ቤት ትደርሳለች። ያኔ ዴልፊያ ትወጣና የበርሜሉን ክዳን ጨርቅ ገለጥ አድርጋ ታያለች።

«ጎድሏል» ትላለች።

ሌላ ነገር አትልም። ተቆጥታም አይደለም። እንደምን አደርሽም እንደምን ዋልሽም ይህችው ናት፦ ጎድሏል። ሎቪና ዓመታት ባለፉ ቁጥር ብልሃት አበጀች። ከእንጨት ክብ ጠርባ ውሃው ላይ ታንሳፍፋለች፤ ውሃው እንዳይዘልል ይጫነዋል። ጆንያ አርጥባ የበርሜሉን አፍ ጥርቅም አድርጋ ታስራለች። ዲያቆንን ከፊት ሆና በእግሯ ትመራለች እንጂ አትቀመጥም። የሚፈሰው በጣም ቀነሰ። ዴልፊያ ግን ያው ናት፤ ሞልቶ የተነሳ ነገር ጎድሎ መድረሱ አይቀርምና።

መንገዱ በአባቷ መሬት ነበር የሚያልፈው። የቤቱ ጣሪያ ሰምጧል። ጉድጓዱ ሳንቃውን ለብሶ ተቀምጧል። መሬቱ ላይ የቆመው በቆሎ የሃይረም ስትራውድ ነበር። «ለቀለቧ ነው» ይል ነበር ጎረቤት፤ ማንም ነውር አላለውም። ሎቪና ግን በበቆሎው ማህል በጋሪ ባለፈች ቁጥር አንድ ነገር ታስብ ነበር፦ ይህ መሬት የእኔ ነው፤ እንዳልገባበት ያገደኝ ውሃ ማጣት ብቻ ነው። ውሃ ለሰው እያመላለሰች በውሃ ማጣት ከራሷ ቤት መቅረቷ እያደር አንገበገባት።

አሥራ ስምንት ዓመት በሞላት በጋ መጨረሻ ላይ፣ እራት ቀርቦ ሳለ ተናገረችው።

«አጎቴ ሃይረም፣ የአባቴን መሬት እፈልገዋለሁ።»

የሥጋ ዘመዷ አይደለም፤ ግን እንዲያ እያለች ነው ያደገችው። እሱ ደግሞ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ልጅቷ» ነው የሚላት፤ ፊት ለፊቷም ቢሆን።

ሃይረም የበቆሎ ዳቦውን በወጡ እያረሰ «ምን ታደርጊዋለሽ?» አለ።

«እኖርበታለሁ።»

«ውሃ የሌለው መሬት ላይ? ጤዛ እየላስሽ?»

«ጉድጓዱ አለ» አለች።

ሃይረም ዳቦውን አስቀመጠው። ልጆቹ ሳይቀሩ ማኘክ አቆሙ።

«ያንን ጉድጓድ ተይው» አለ።

«ታዲያ ውሃ ማን ያመጣል?» አለች ዴልፊያ ድስቱን እያነሳች። ይህኛው ነው ሎቪናን ያመማት። አሥር ዓመት ምድጃው ኋላ ተኝታ፣ ልሂድ ስትል የተነሳው ጥያቄ የውሃ ሆነ።

ሃይረም ፍርዱን ሰጠ። ትልቁ ልጁ በጸደይ ያገባል፤ ቤት የሚሠራበት መሬት ይፈልጋል። ሰው የማይኖርበት መሬት የማንም ነው። የመንግሥት ሹም ያለው ሩቅ ከተማ ነው፤ በሜዳው ላይ ሕግ ማለት የጎረቤት ቃል ነበር። «በረዶ ሳይወርድ ከዚያ መሬት የወጣ ውሃ ካሳየሽኝ ያንቺ ነው፤ እኔም አልከራከርሽም። ካልሆነ ልጄ ይገባበታል። እስከዚያ ግን ውሃችንን ታመጫለሽ» አለ።

«እሺ» አለች ሎቪና። ሌላ ምን ትላለች?

ጉድጓድ ቆፋሪው ጎስ በየመከሩ በእኛ በኩል ያልፋል። ገመዱን፣ ግንዱንና ባልዲውን በበሬ ጋሪ ጭኖ ከሰፈር ሰፈር የሚዞር፣ ጢሙ በሸክላ አፈር የቀላ፣ ሲያስል አገር የሚሰማው ሽማግሌ ነው። ሎቪና ወንዙ ዳር በሬዎቹን ሲያጠጣ አገኘችው።

«አባባ ጎስ፣ ጉድጓድ ያወጡልኛል?»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሩፎስ ቲግ።»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አያት። «ስለዚያ ጉድጓድ ሰምቻለሁ። ሰው የሞተበት ጉድጓድ ውሃ አይሰጥም ይላሉ።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔማ ሰው ያልሞተበት መሬት የት አለ እላለሁ።» አስሎ ተፋ። «ረዳቴ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ጥሎኝ ሄዷል፤ ብቻዬን ነኝ። ምን ትከፍይኛለሽ?»

«ጊደር አለችኝ። እናቷ ሞታ በእጄ ያሳደግኳት ናት።»

«ትታለባለች?»

«ገና ናት።»

«እንግዲያ እሷም እኔም እንጠብቃለን» አለ ጎስ፤ ሳቁ በሳል ተቋረጠ።

የጎስ ጋሪ በሩፎስ ቲግ መሬት ላይ የቆመው ቅዝቃዜው በጀመረበት ሳምንት ነው። ጠዋት ሎቪና ከወንዝ ስትመለስ ሁለቱን ሙሉ በርሜሎች እንደጫነች ወደ ስትራውዶች ሳትሄድ እዚያው ጎራ አለች። ነፋሱ ሣሩን አስተኝቶት ነበር። ሳንቃዎቹን አነሱ። ጎስ ሻማውን ለኩሶ ቆርቆሮው ውስጥ አቆመና ሲባጎውን ሊለቅ ሲል ሎቪና እጁን ያዘች።

«እኔ ላውርደው።»

አወረደችው። ነፋሱ እንዳይነካው በሰውነቷ ጋርዳ፣ ቀስ ብላ። ብርሃኑ ወረደ፣ ወረደ፣ አነሰ። ዝም ብሎ ጠፋ።

አውጥተው ለኮሱት። ጠፋ።

ጎስ ሰማዩን አየ። ሌላ ሰፈር የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩ፤ በረዶም እየመጣ ነው። «ነፋስ ሊሆን ይችላል» አለ። «በዚህ ነፋስ ሻማ ቀርቶ ምጣድ ሥር ያለ እሳትም ይጠፋል። ፈጠን ብዬ ወርጄ ልየው።»

«አይወርዱም።»

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«ነፋስ አይደለም አባባ። ሲጠፋ አላዩትም? ነፋስ ሲያጠፋው ይወዛወዛል። ይህ ተኛ እንጂ አልተወዛወዘም።» ሲባጎውን እጇ ላይ ጠመጠመችው። «መሬቱን ባጣው ይሻለኛል። ለዚህ ጉድጓድ ሌላ ሰው አልሰጥም።»

ሽማግሌው ገመዱን ከትከሻው አወረደ። ያፈረ ይመስል ጢሙን አከከ። «ልክ ነሽ» አለ። «ሰው ሲያረጅ ይቸኩላል። ወጣት ነው መቸኮል ያለበት ሲባል እንሰማለን እንጂ።» ጉድጓዱ ዳር ተቀመጠ። «እንዲህ ያለውን አየር የሚያንቀሳቅሰው ውሃ ነበር። ብዙ ውሃ ከላይ በኃይል ቢደፋበት፣ ከዚያ በቅጠል እስር ወደ ላይ ወደ ታች ቢናጥ፣ ይወጣል። ግን ውሃ የታለ?»

ሎቪና ዞራ ጋሪውን አየች። ዲያቆን በአንድ ዓይኑ ያያታል። ከኋላው ሁለቱ በርሜሎች፣ በጆንያ ታስረው፣ የእንጨቱ ክብ ሳይቀር ተንሳፍፎባቸው፣ ጠብታ እንዳይፈስ እየተጠነቀቀች ያመጣቻቸው ውሃዎች ቆመዋል። ዛሬ ዴልፊያ ልብስ የምታጥብበት ቀን ነው።

ጆንያውን ፈታች። ባልዲ ነከረች፤ ጉድጓዱ ላይ ደፋችው። ሌላ ነከረች። ከታች የውሃው መውደቅ ጊዜ ወስዶ ተሰማ። የአሥር ዓመት ጥንቃቄዋን ባልዲ በባልዲ እየደፋች መሰላት፤ ክንዷ እየሠራ ዓይኗ ያለቅስ ነበር፤ ጎስ አይቶ ዓይኑን መለሰ።

አንደኛው በርሜል ሲያልቅ ሃይረም ስትራውድ ጋሪው የት ቀረ ብሎ በፈረስ ደረሰ።

«አበድሽ እንዴ!» አለ ገና ሳይወርድ። «ዴልፊያ ልብስ ከምራ ትጠብቃለች፣ አንቺ እዚህ... ውሃ ለማግኘት ውሃ ይደፋል? አንተስ ሽማግሌ፣ ዝም ብለህ ታያታለህ?»

«ማየት ነው የተፈቀደልኝ» አለ ጎስ።

ሎቪና ሻማውን ለኩሳ አወረደችው። ሃይረም ሳያስበው ጠጋ ብሎ ወደ ታች አየ። ብርሃኑ ቅድም ከጠፋበት አልፎ ወረደ። ከዚያ አነሰ። ጠፋ።

«አጎቴ» አለች ሎቪና። ቁጣ አልነበረባትም፤ ለቁጣ የሚተርፍ አቅም አልነበራትም። «ነፋስ እዚያ ድረስ ይወርዳል?»

ሃይረም ስትራውድ ኮፍያውን አወለቀ። ነፋሱ ፀጉሩን በተነው።  ከዚያ ያ ትልቅ ሰው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከ።

«አይወርድም» አለ። «ያኔም አይወርድም ነበር። የጠየቅሽኝ ጊዜ አውቄው ነበር መሰለኝ። ቀኑ እንዳይሄድብኝ ነበር። የራሴ ጉድጓድ ተራ እንዲደርስ ቸኩዬ ነበር።» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «አሥር ዓመት ሙሉ አንቺ ውሃ ይዘሽ በመጣሽ ቁጥር እሷኑ ጥያቄ የምትደግሚልኝ ይመስለኝ ነበር።»

ማንም ያጽናናው የለም። ጎስ አሳለ፤ ሎቪና ባልዲዋን እንደያዘች ቆመች። የይቅርታ ቃል ፈልጋ አጣች፤ ምናልባት አልነበራትም። ሃይረም ተነሳና ሁለተኛውን በርሜል ብቻውን ከጋሪው አውርዶ እየገፋ አመጣው። አዘንብሎም ባንዴ ለቀቀው። ከዚያ ቅጠል አስረው በገመድ አወረዱና እስኪጨልምባቸው ድረስ ላይ ታች ናጡት።

በማግስቱ ሻማው ታች ድረስ ሄዶ እዚያው በራ። ሎቪና ረጅም ጊዜ አየችው። የማይጠፋ መሆኑን ለማመን ነው።

«በሉ ልውረድ» አለ ጎስ፤ ተናግሮ ሳይጨርስ ሳሉ ለሁለት አጠፈው።

«እርስዎ ከላይ ይሁኑ። ቀላሏ እኔ ነኝ» አለች ሎቪና። «ባልዲ መሙላት ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።» እግሯን በገመዱ ቀለበት አስገባችና ሃይረምን አየችው፤ ማንም ሳይጠራው ንጋት ላይ መጥቶ እጀታውን ይዞ ቆሞ ነበር። «አጎቴ፣ እየደጋገሙ በስሜ ይጥሩኝ። ሳልመልስ ከቀረሁ ምንም ሳይጠይቁ ይሳቡኝ።»

«እሺ» አለ። ከዚያ እንደ አዲስ ቋንቋ ሞከረው። «እሺ፣ ሎቪና።»

ከታች ነፋስ አልነበረም። ሎቪና በሕይወቷ ነፋስ የሌለበት ቦታ ገብታ አታውቅም፤ ጆሮዋ የተደፈነ መሰላት። ሸክላው ውስጥ የአባቷ አጭር አካፋ እንደተተከለ ነበር፤ እጀታው በስብሶ ስትነካው ተፈረፈረ። እሷም ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ማንም አያያትም፤ የሚሞላ በርሜል የለም፤ ጨርቅ ገልጦ የሚያይ የለም።

«አባዬ፣ ደከመኝ» አለች።

ቃሏ ከአፏ ስትወጣ ራሷን አስደነገጣት። ምንም አልሆነም፤ ሰማይ አልወደቀም። ከላይ ያ የትንሽ ሳንቲም ያህል የሚታይ ሰማይ እንዳለ ነበር። አልቅሳ እስኪወጣላት አለቀሰች።

«ሎቪና!» ሲል የሃይረም ድምፅ ወረደ።

«አለሁ!» አለች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አካፋዋን አነሳች።

እንዲያ ሆነ ቀኑ፣ የቀጣዩም ቀን፤ ከላይ «ሎቪና!» ከታች «አለሁ!» ጎስ በኋላ ሲያወራ፣ ያን ሰሞን የሰማው ስም ለዕድሜ ልኩ እንደሚበቃው ይናገር ነበር። ሸክላው አለቀ፤ አሸዋ መጣ። አሸዋው ደረቅ ነበር፤ ከዚያ ቀዘቀዘ፤ ከዚያ እጇ ላይ ተጣበቀ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጫማዋ ውስጥ ቅዝቃዜ ገባ። ጎንበስ ብላ አየች። የቆመችበት እያብረቀረቀ ነበር።

አባቷ ካቆመበት ብዙም አልራቀችም። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

የመጀመሪያው ባልዲ ሲወጣ ጎስ በመዳፉ ጨልፎ ቀመሰና ተፋ። «ጭቃ ነው» አለ። ከዚያ ደግሞ ጨለፈ። «ጥሩ ጭቃ ነው!» ሃይረም ባልዲውን አይቶ ኮፍያውን ደፋና ፈረሱ ላይ ወጣ። «መሬቱ ያንቺ ነው» አለ ሳይዞር፤ ሄደ። ከፈረሱ ይልቅ እሱ የደከመው ይመስል ነበር። ጎስም ጊደሯን ከጋሪው ኋላ አስሮ ጉዞ ጀመረ፤ እስኪሰወር ድረስ ሲያስል ይሰማት ነበር።

በረዶው ሲወርድ ሎቪና የሰመጠውን ጣሪያ በዱላና በሣር አፈር ደግፋ፣ ኩበት ለቅማ፣ አባቷ ቤት ገብታ ነበር። ደስታ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ የመጣው እንቅልፍ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ገና ሳይነጋ ተነስታ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ ወደ ወንዙ መንገድ ግማሹን ከሄደች በኋላ ነው የምትሄድበት እንደሌላት ትዝ ያላት። መንገዱ ማህል ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ተኛች። ቀን ብርሃን እያየ መተኛት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያኔ አወቀች።

በረዶው ባባሰበት ሰሞን ዴልፊያ መጣች። ጋሪው ላይ ተቀምጣ ዲያቆንን ራሷ እየነዳች ነው፤ አፍንጫዋ ቀልቷል። ባሏ ታሞ ተኝቷል፤ ልጆቹ የወንዙን በረዶ መስበር አልቻሉም። ከጋሪው ሳትወርድ ጉድጓዱን ዓይን ዓይኑን ታይ ነበር።

«ውሃ...» አለች። ቀጥሎ ያለው ቃል አልወጣ አላት። በሕይወቷ ሎቪናን ምንም ለምናት አታውቅም።

«ይውረዱ አክስቴ፤ እጅዎን ምድጃው ላይ ያሙቁ» አለች ሎቪና፤ በርሜሎቹን ሞላቻቸው።

ዴልፊያ ተቻኩላ ነዳች። ብዙም አልራቀች፤ ጎማው አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ውሃው ዘልሎ ጀርባዋ ላይ ፈሰሰ። ወዲያው ሌላ ቀዳዳ፤ ወዲያው ሌላ። ሎቪና ደጇ ላይ ቆማ አየች። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም ነበር፤ ለአፍታም ዝም አለች። ከዚያ ቤት ገብታ ከአልጋዋ ሥር የእንጨት ክቦቿንና ጆንያዎቿን አውጥታ ሮጠች።

«አክስቴ ዴልፊያ! ይቁሙ!»

ዴልፊያ ቆመች። ቀሚሷ ከወገቧ በታች ርሶ መጠንከር ጀምሯል። ሎቪና ክቡን ውሃው ላይ አንሳፈፈች፤ ጆንያውን አርጥባ አሰረች፤ የፈሰሰውን ከጉድጓዱ በባልዲ አምጥታ ሞላች። እየሠራች «አይቀመጡ፤ ከፊት ሆነው በእግርዎ ይምሩት። ቀዳዳዎቹ በስተግራ ይበዛሉ» አለቻት።

ዴልፊያ የእንጨቱን ክብ ጫፍ በጣቷ ነካችው። የሎቪና ቢላ የጠረበው፣ በአሥር ዓመት ውሃ የለሰለሰ ነበር።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይፈስ ነበር?» አለች።

«ሁልጊዜ።»

«ከወንዙ ድረስ?»

«ከወንዙ ድረስ።»

ዴልፊያ ዝቅ ብላ የራሰ ቀሚሷን አየች። ከዚያ በእኛ ሜዳ ላይ ሰው ሰውን የማይጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ደክሞሽ ነበር እንዴ፣ ሎቪና?»

«በጣም አክስቴ» አለች ሎቪና። «በጣም ደክሞኝ ነበር።»

ዴልፊያ የዲያቆንን ልጓም ይዛ በእግሯ ልትሄድ ስትል፣ እጇ የለመደው ሥራ ሆኖበት፣ ወደ በርሜሉ ተመልሶ የጆንያውን ጠርዝ ገለጠ። ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች።

«ሞልቷል» አለች።